ወደ ኋላ የዞረው ስፒከር

አንድ አሰግድ የሚባል ጊታር ተጫዋች ነበር። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከባንድ ጓደኞቹ ጋር በአንድ ሆቴል አዳራሽ ጃዝ ይጫወታል። ጣቶቹ የተባረኩ ናቸው። አምፕሊፋየሩ ግን ከሻንጣ የማትበልጥ፣ አንዲት ስፒከር ብቻ ያላት ትንሽ ሣጥን ነበረች። ጊታር ያስተማሩት መምህሩ ሊያርፉ ሲሉ "ይቺ የአንተ ናት" ብለው ስለሰጡት እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃታል። እሷ ከተበላሸች ምትክ እንደማያገኝላት ያውቃል።

ታዲያ አሰግድ አንድ ችግር ገጠመው። እሱ እየተጫወተ ጊታሩ አይሰማም። የባንዱ መሪ ሲራክ ሁለት ወር ታገሠው። በሦስተኛው ግን ለብቻው ጠርቶ፣ የሚመጣው እሁድ ጊታሩ ካልተሰማ በእሱ ቦታ ኪቦርድ የሚጫወት ሰው እንደሚያስገባ ነገረው። ሲራክ ክፉ ሆኖ አይደለም። ዐሥራ አንድ ዓመት አብረው በልተዋል፤ ሲነግረውም ዓይኑን እያየ አልነበረም።

አሰግድ ያላደረገው ነገር አልነበረም። የአምፕሊፋየሯን ድምፅ መጨመሪያ ከቁጥር ሦስት ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ ስምንት ከፍ አደረገ። እሱ ሲጨምር ከኋላው ያለው ድራም መቺ ጥላዬ ይብስ ይደበድባል። ጥላዬ ሲደበድብ ሳክስፎን ነፊው ጉንጩ እስኪቀላ ይነፋል። ፊት ለፊት የተቀመጡት እንግዶች ጆሯቸውን ይይዛሉ፤ በር አጠገብ ያሉት ደግሞ ጫጫታ እንጂ ዜማ አይደርሳቸውም። ትንሿ አምፕሊፋየርም ጉሮሮው እንደቆሰለ ሰው መሻከር ጀመረች።

ሐሙስ ዕለት አሰግድ ከአሮጌ ሚኒባስ የወጣ ትልቅ ስፒከር ገዛ። በማግስቱ ጠዋት ራሱ ሊቀጥለው ሽቦውን ልጦ ከጨረሰ በኋላ፣ የመምህሩ ጸሎት ይሁን ሌላ እንጃ፣ አንድ ነገር እጁን ያዘው። ሁለቱንም ተሸክሞ ራዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ወዳረጁት ወደ ጋሽ ደምለው ሄደ። ይህን ይቀጥሉልኝና ሕዝቡ ፊት ላቁመው፣ ያን ጊዜ የማይሰማኝ እንደሆነ እናያለን አላቸው።

ጋሽ ደምለው አምፕሊፋየሯን ገልብጠው ከጀርባዋ የተጻፈውን የአቅሟን ቁጥር አነበቡ። የሚኒባሱንም ስፒከር ቁጥር አነበቡ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ ይሄ ከእሷ አቅም በላይ ነው የሚጠጣው። መንታ ያጠባች እናት ጠይቅ፤ አንደኛው ያለ ልክ ከሳበ የምትወድቀው እናቲቱ ናት። ይህን ብትቀጥልባት ኖሮ ይቺን ሣጥን ዛሬ እንቀብራት ነበር።"

አሰግድ የተላጠውን ሽቦ አየና እጁን ወደ ኪሱ ከተተ።

ጋሽ ደምለው ቀጥለው የሚጫወትበትን ቦታ እንዲያሳያቸው ጠየቁት። ሲደርሱ አዳራሹ ባዶ ነበር። አሰግድ እንደ ልማዱ አምፕሊፋየሯን እግሩ ሥር፣ ፊቷን ወደ እንግዶቹ ወንበር አድርጎ አቆመ። ሽማግሌው ግን ወደ እንግዶቹ ወንበር አልሄዱም። እያቃሰቱ መድረኩ ላይ ወጡና ከድራሙ ኋላ በጥላዬ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ተጫወት አሉት፤ ተጫወተ።

"እዚህ የሚሰማኝ እግርህ ወለሉን ሲመታ ነው" አሉት። "ጊታር የያዝክም አትመስልም።"

"ሕዝቡ እኮ በዚያ በኩል ነው፣ ጋሼ።"

"ሕዝቡን ተወው። የማይሰማህ እዚህ የሚቀመጠው ነው። የማይሰማ ሰው ደግሞ ይጮሃል። አንተ እሱን ለመብለጥ ትጮሃለህ፣ እሱም ይጨምርልሃል።"

አሰግድ ሁለት ወር ሙሉ በጥላዬ ላይ ቂም ይዞ ነበር። ሆን ብሎ የሚሸፍነው ይመስለው ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ጋሽ ደምለው ከአንድ አሮጌ ራዲዮ ውስጥ ቁጥሩ ከአምፕሊፋየሯ ስፒከር ጋር የገጠመ ስፒከር አወጡ። እንዲህ ያሉ ሁለት መሸከም እንደምትችል ከጀርባዋ ተጽፏል። በእንጨት ሣጥን አስገብተው ረጅም ሽቦ ቀጠሉለት። አሰግድ ማብሪያውን ሲጫን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። የሚቃጠል ነገር ሽታ ጠበቀ፤ አልመጣም። ዓይኑን ሲገልጥ ቀይዋ መብራት በርታለች። ጊታሩን አንዴ ነካው፤ ድምፁ ከሁለቱም ጠራ ብሎ ወጣ። "ተመስገን" አለና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ጋሽ ደምለው ሳቁበት።

እሁድ አሰግድ አዲሱን ስፒከር ፊቱን ወደ ኋላ፣ ወደ ጓደኞቹ አዙሮ አቆመው።

"እኔ ደግሞ መቼ ቲኬት ቆረጥኩ?" አለ ጥላዬ፣ ስፒከሩ እንደ እንግዳ ወደ እሱ መዞሩን አይቶ።

ሙዚቃው ተጀመረ። ጥቂት እንደሄዱ ጥላዬ ዱላዎቹን አስቀመጠና፣ ለወራት ያልነካውን፣ ድራሙን በቀስታ የሚዳብስበትን የሽቦ ብሩሽ አነሣ። ሳክስፎን ነፊው ትንፋሹን ሰበሰበ። አሰግድ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ከስምንት ወደ አምስት፣ ቆይቶም ወደ ሦስት አወረደ። በር አጠገብ ያሉት እንግዶች ወሬያቸውን አቆሙ።

ሲጨርሱ ሲራክ መጣ። "ዛሬማ እስከ በሩ ሞላኸው። ስንት ላይ ከፍተኸው ነው?"

"ሦስት ላይ።"

ሲራክ አላመነም። ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን በጣቱ ነክቶ አየ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ጭንቀት ጠፍቷል። ለካ እሱም ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረውም። ስለ ኪቦርዱ ሰው ዳግመኛ አልተነሣም። አሰግድ ግን ወደ ጥላዬ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀው።

"ለምኑ?" አለ ጥላዬ፣ ብሩሹን በጨርቅ እየጠቀለለ።

ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችን ፊታችንን ወደ ውጭ ሰው አዙረን ነው የምንኖረው። መልካሙ ቃላችን ለእንግዳ ነው። ከኋላችን ሆነው ሸክማችንን የሚሸከሙልን ከእኛ የሚደርሳቸው የእግራችን ኮቴ ብቻ ነው። ከዚያ እነሱ ድምፃቸውን ሲያነሡ ጠሉን እንላለን፤ እኛም እንጨምራለን። ቤትም የሚፈርሰው እንዲሁ ነው። ፈጣሪ በልብ የተባለውን ይሰማል፤ ሰው ግን ፊታችንን ካላዞርንለት ከየት ይሰማናል? ስናዞርለትም በአቅማችንና በልኩ ይሁን፤ ያለ ልክ የተጨመረ ነገር ያለውንም ያቃጥላል።

እስቲ ዛሬ ድምፅዎን ከፍ ከማድረግዎ በፊት አንድ ጊዜ ዞር ብለው ይዩ። ከኋላዎ የተቀመጠው ማን ነው? ከእርስዎ ቃል ሳይሰማ ስንት ጊዜው ነው?