በቁርበት የተጣፈችው መኪና

አንድ ጊዜ፣ እትዬ አሰለፈች ከአጥር ማዶ ሆና እንዳወራችው፣ ቀበሮና ጅብ ሽርክና ገብተው የአያ አንበሶን አሮጌ መኪና ገዙ። አራት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ስትሮጥ ኖራ፣ ላሜራዋ በዝገት ተበሳስቶ፣ ከግራር ሥር ቆማ የቀረች መኪና ናት።

«አድሰን እንሸጣታለን» አለ ቀበሮ።

«ኧረ ማን ይገዛታል?» አለ ጅብ።

«ጀርባውን ያመመው!»

ጀርባዋን ያመማት ደግሞ እመት አህዪት ነበረች። ዕድሜ ልኳን እህል ወፍጮ ቤት ስታመላልስ ጀርባዋ ተልጧል። ዓይኗን ጨፈን ባደረገች ቁጥር ጆንያው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ እሷ መሪ ይዛ፣ ያ ክፉ ዳገት እንደ ደመና ከሥሯ ሲንሸራተት ይታያታል።

ቀበሮ ጅብን አጥንት ፍለጋ ላከውና ሥራውን ጀመረ፤ መቼም ቁርበት ለጅብ የሚያሳይ ሞኝ የለም። የዝገቱን ቀዳዳ ሁሉ በቁርበት ጣፈው፤ ዳር ዳሩን በሞራ ደፈነው፤ ላዩን አረንጓዴ ቀለም ለቀለቀው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውንም ወደ ኋላ አዙሮ አርባ ሺህ ላይ አቆመው።

በገበያ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ አህዪት መጣች። ዋጋው የሦስት ክረምት እንጨት መሸከም ነበር። ያ የተላጠ ጀርባ ሦስት ክረምት ይችል እንደሆነ እንጃ!

«ግቢ እንጂ እመት አህዪት! አያ አንበሶ ለሠርግ ብቻ ነበር የሚያወጣት» አለ ቀበሮ።

አህዪት ገብታ ተቀመጠች። ወንበሩ ለስላሳ ነው። በመስኮቱ ማዶ ዳገቱ ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ መሰላት፤ ጀርባዋ ቀለላት። ድንገት እግሯ ፔዳሉን ነካ።

«አያ ቀበሮ፣ ፔዳሏ እንደኔ ኮቴ አልቋል። ቆጣሪዋ ግን አርባ ሺህ ይላል።»

«የአንበሳ እግር ከባድ አይደል እንዴ!»

ልታምነው ፈለገች። ሕልሙ ጣፍጧታላ! «ገዛሁ» ልትል አፏን ስትከፍት ከበሩ በኩል ጭርም ጭርም የሚል ድምፅ ሰማች።

«አያ ጅቦ፣ ምን እየሠራህ ነው?» ብሎ ቀበሮ ጮኸ።

«አቧራዋን እየጠረግሁላት ነዋ!» አለ ጅብ፣ አፉን ሞልቶ።

ለካ ፀሐዩ ሞራውን አቅልጦት፣ ሽታው ጅብን ጠርቶታል። ጠርጎ ጠርጎ በሩን ወንፊት አደረገው። በየቀዳዳው ብርሃን ገብቶ አህዪት ጭን ላይ ፈሰሰ።

አህዪት ወረደችና መኪናዪቱን ዳሰሰቻት።

«ብዙ የሮጠች ናት ብትለኝ ምን ነበረበት? እኔስ መች ትንሽ ሮጥሁ? ዝገቷን አሳይተኸኝ ቢሆን አንድ ክረምት እሸከምልህ ነበር፤ በያጁንም እኔው እፈልግ ነበር።»

«እሺ፣ በአንድ ክረምት ውሰጃት!» አለ ቀበሮ።

«አሁንማ ሞተሯንስ በምን አምናለሁ?»

አህዪት ጆንያዋን ተሸክማ በዳገቱ ወጣች። ጅብ በበላው ቀለም ሦስት ቀን ሆዱን ታመመ። ቀበሮ መኪናዪቱን ከግራሩ ሥር ትቷት ሄደ፤ ቆቅ እንቁላል ጣለችባት።

ከዚህ የምንማረው አሮጌን አሮጌ ነው ብሎ የሚሸጥ ገዢ እንደማያጣ፣ ጉድለቱን በቀለም የሸፈነ ግን ቀለሙ ሲለቅ ዕቃውንም መታመኑንም አብሮ እንደሚያጣ ነው።