ለኤሲው የተሳለችው እናት

አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ ልጄ፤ አባቴን አሁን ከገጠር ላምጣቸው ወይስ የቤቴ ኮርኒስ ተመትቶ እስኪያልቅ ልጠብቅ ነው ያልከኝ። አልረሳሁትም። መጀመሪያ ግን ይህን ሰው ላሳይህ፤ መልሱን ከእሱ ትወስዳለህ።

ይህ ሰው አዲስ አበባ የሚኖር፣ ከመሥሪያ ቤቱና ከቤቱ በቀር ሌላ መንገድ የማያውቅ ጭምት ሰው ነበር። እናቱን አብዝቶ ይወዳል። ብዙ ዓመት ለፍቶ መኪና ሲገዛ ከሁሉ በፊት ያሳፈራት እሷን ነው፤ ከፊት፣ ከጎኑ አስቀመጣትና ኤሲውን ለቀቀላት። እናቲቱ ጋቢዋን እስከ አገጯ ሳብ አድርጋ፣ «እሰይ ልጄ፣ ተባረክ! እንዲህ ያለ ነገር ያሳየኸኝ!» አለችው። እሱም ደስ አላት ብሎ ጨመረው። ከዚያ ወዲህ እሷ በገባች ቁጥር እሱ ይጨምራል፣ እሱ በጨመረ ቁጥር እሷ ትመርቃለች።

እናቲቱ አዋሽ ሰባት፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ የምትኖር ታላቅ እህት ነበረቻት። ወላጆቻቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደገቻት ይህች እህቷ ናት፤ የባቡር ሠራተኛ አግብታ ወደዚያ ስትወርድ አዝላት ነው የወረደችው። እናቲቱ እስከ ዛሬ በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ «እታለም» ነው የምትላት። እንግዲህ የእታለም ዓይን መድከም ጀመረ። ሐኪም አየውና መመለሻ የለውም፣ ቀስ እያለ ይጠፋል አለ። እታለምም ደውላ፣ «ዓይኔ ሳይከዳኝ ፊትሽን ልየው፣ ነይልኝ» አለቻት።

ሰውየው ይህን ሲሰማ፣ «እማዬ፣ የማደርስሽ እኔ ነኝ፤ ለፋሲካ እንወርዳለን» አላት። ከልቡ ነበር። ታዲያ ምን ይሆናል፣ ሊሄዱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ኤሲው ተበላሸ። ቢከፍተው ቢዘጋው የሚነፍሰው ትኩስ አየር ነው።

መንገድ ዳር የኤሲ ጋዝ አስሞላ፤ አንድ ቀን በረደና ተመልሶ ያው ሆነ። ቢቸግረው መኪናዋን ወደሸጠለት ድርጅት ወሰዳት። እዚያ ወለሉ ፊት ያሳያል፣ ውሃ በብርጭቆ ያቀርባሉ፣ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» ይላሉ። እኔ እንዲህ ሲያከብሩኝ ኪሴን ነው የምይዘው! መርምረው ሲመለሱ፣ «የሚያቀዘቅዘው ክፍል፣ ኮምፕረሰሩ ነው፤ አይጠገንም፣ ይቀየራል፤ ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው» አሉት። ዋጋውን ነገሩት። የተሳሳቱ መስሎት ደግሞ ጠየቀ፤ ያው ነው። ዋስትናስ ቢል ዋስትናው በቅርቡ አልፏል። «ወይ ጉድ! ኤሲዋን ነው ወይስ መኪናዋን እንደገና ነው የምትሸጡልኝ?» ብሎ ወጣ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። እሱ ግን እናቱን በዚያ ሐሩር ያለ ኤሲ መተሐራን አሻግሮ መውሰድ ግፍ ሆኖ ታየው። ዕቁብ ገባ። «እማዬ፣ ኤሲው ሳይሠራ ቆላ አንወርድም፤ ትንሽ ታገሺኝ» አላት። እሷም «ይሁን ልጄ» አለች። ፋሲካ አለፈ። ክረምት ገባ። ዕቁቡ ሲወጣለት እየሮጠ ሄደ፤ ዋጋው ጨምሮ ጠበቀው። እንደገና ቁጠባ ጀመረ።

ይህን ጊዜ ሁሉ እናቲቱ ምን ታደርግ ነበር መሰለህ? ትሳል ነበር! ማርያም ደጅ ቆማ፣ «እመቤቴ፣ የልጄን መኪና ኤሲ አድኝልኝ፤ እሱ ከዳነ ጃንጥላ አገባልሻለሁ» ትላለች። ኤሲ ምን እንደሆነ አታውቅም። እሱ ካልሠራ ሩቅ መንገድ አይኬድም ሲባል ስለሰማች፣ ከመኪናዋ ሆድ ውስጥ ያለ አንድ ዋና ዕቃ ነው ብላ ይዛዋለች። መጠየቅ ደግሞ አትወድም፤ ልጄን አስጨንቀዋለሁ ትላለች። ይሉኝታ ያለባት ሴት ናት።

መስከረም ጠብቶ፣ አንድ ቀን የእታለም ልጅ ደወለች። «አክስቴ፣ እናቴ አሁን ከጥላ በቀር አይታያትም። ጠዋት ፀሐይ ላይ ስትቀመጥ ብቻ ትንሽ ይሻላታል። ምነው ቀራችሁ?» አለቻት። እናቲቱ ስልኩን ዘጋች። ልጇ ምሳ እየበላ ነበር። አጠገቡ መጥታ ቆመችና ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀችው።

«ልጄ፣ ኤሲ የምትሉት ነገር ምኑን ነው የሚይዘው? ሞተሩን ነው ጎማውን?»

ሰውየው የጎረሰው ሊያንቀው እስኪደርስ ሳቀ። «አይ እማዬ! ቀዝቃዛው ነፋስ ነዋ። ፊትሽ ላይ ይነፍስ የነበረው፣ የምትወጂው።»

እናቲቱ ትከሻዋን ያዝ አደረገች። «ይሄን ትከሻዬን ሲቆረጥመኝ የሚያድረው? ጋቢ ደርቤ የምቀመጥበት?»

«ምነው፣ ትመርቂኝ አልነበር እንዴ?»

«የመረቅኩትማ አንተን ነው! እንዲያ ደስ ብሎህ ሳይህ እንዴት አጥፋው ልበልህ?» አለች። ከዚያ ሳቅም ለቅሶም ያዛት። «ወይኔ እመቤቴን! ጠላቴ እንዲድን ነው ስሳልለት የከረምኩት? ልጄ፣ እኔ እኮ አዋሽ ነው ያደግሁት። አጥንቴ የጠናው በዚያ ሙቀት ነው። እታለም እየጨለመባት አንተ ነፋስ ትገዛልኛለህ!»

በማግስቱ ማልደው ተነሡ። ወለንጪቲን ሲያልፉ ሙቀቱ ተቀበላቸው። ሰውየው መስኮቶቹን ሁሉ ዝቅ አደረገ። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣበቀ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ አስቸገረው። እናቲቱ ግን ጋቢዋን አውልቃ ወደ ኋላ ወረወረችው፣ ክንዷን በመስኮቱ አወጣች፣ የመተሐራን ጥቁር ድንጋይ ስታይ ወሬዋ ተከፈተ፤ ባቡሩ የት የት ይቆም እንደነበር፣ እታለም በየትኛው ጣቢያ ብርቱካን ትገዛላት እንደነበር። ልጇ ይህን ሁሉ ሰምቶት አያውቅም። በኤሲው ጊዜማ ተሸፋፍና ዝም ነበር የምትለው።

ረፋዱ ላይ ደረሱ። እታለም ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ተቀምጣለች። እናቲቱ እግሯ ላይ ወደቀች። እታለም ቀና አደረገቻት፣ ፊቷን በሁለት እጆቿ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፣ አፍንጫዋ አፍንጫዋን እስኪነካ ተጠጋቻት።

«አልታይ አልሽኝ» አለች። «ፋሲካ ላይ እኮ ሽፋሽፍትሽን እለየው ነበር። እስቲ ሳቂልኝ።»

እናቲቱ ከልጅነቷ ጀምሮ ፍንጭት ናት። እያለቀሰች ሳቀችላት።

«አየሁት!» አለች እታለም። «ፍንጭትሽን አየሁት! የኔዋ ልጅ ነሽ። ይበቃኛል።»

ሰውየው የመኪናውን በር እንደያዘ አለቀሰ። የወቀሰው የለም። ግን ለፋሲካ ቢያደርሳት ኖሮ እታለም የእህቷን ፊት ሙሉውን ታየው ነበር፤ ያን ዕድል እሱ በጋራዥና በዕቁብ ሲያጓትተው ከርሟል። በክፋት ቢያደርገው ንስሐ ገብቶ ይገላገል ነበር። በፍቅር ያደረገው ነገር ስለሆነ ነው እንዲያ አንጀቱን የበላው። ጥቅምት ሳይገባ እታለም ያችም ብርሃን ጠፋባት።

እናቲቱ ስለቷን አስገባች። «ኤሲው መቼ ዳነና?» ቢሏት፣ «አላዳነችልኝም፣ ተመስገን! ለሱ ነው የማገባው» ብላ ጃንጥላዋን ተሸክማ ሄደች።

እንግዲህ ልጄ፣ ወዳንተ ልምጣ። የዚያ ሰው ኤሲ ያንተ ኮርኒስ ነው። እየደከመ ያለው ዓይን ደግሞ የአባትህ ዕድሜ ነው፤ አናጺውን አይጠብቅም። «አባቴ ባዶ ቆርቆሮ እያዩ እንዳይተኙ» አልከኝ፤ መልካም ልጅ ነህ፣ ያም ሰው መልካም ልጅ ነበር። ግን ጠይቀሃቸዋል? አንድ ቀን «አባባ፣ ኮርኒስ ይወዳሉ?» ብለሃቸዋል? ኮርኒስ ምን እንደሆነ ማወቃቸውንስ በምን አወቅህ? ምናልባት እሳቸውም እዚያ ሆነው እየተሳሉልህ ይሆናል፤ ልጄን የያዘው ያ ኮርኒስ የሚሉት በሽታ ይልቀቅልኝ እያሉ።

ምን ታፍራለህ? ሂድና አምጣቸው። ጣሪያህን ሊያዩ መሰለህ እንዴ የሚመጡት? ዓይናቸው ሳለ አንተን ይዩህ።