የእፎይታ ክርስትና እናት

በአንድ ወቅት፣ ያውም እምብዛም ባልራቀ ወቅት፣ ከአባይ ወዲህ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ጫኔ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ድሬሰር ነበሩ። ቁስል እያጠቡ፣ መርፌ እየወጉ ሦስት ሴቶች ልጆች አሳደጉ። ልጆቹም አባታቸውን እያዩ ወደ ጤና ሥራ ገቡ። ትልቋ ትርንጎ በከተማዋ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ትሠራለች። መካከለኛዋ የሺመቤት በዞኑ ሆስፒታል ሐኪም ናት። ትንሿ ማንጠግቦሽ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና በገጠር ቀበሌ ቤት ለቤት ትዞራለች። እህትማማቾቹ ይዋደዳሉ። ከሦስታችን ሥራ የማንኛችን ይበልጣል በሚለው ላይ ግን አንድ ቀን ተስማምተው አያውቁም። ክርክሩ ሲነሳ አባታቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው የተኙ ይመስላሉ። ብልህ ሰው ናቸው።

ይህን የቤት ክርክር ቤተ ክርስቲያን ደጅ ድረስ ያደረሰችው ዘርፌ ናት።

ዘርፌ ከከተማዋ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ የምትኖር፣ ባገባች በዓመቷ የፀነሰች ልጅ እግር ሴት ነበረች። ባሏ መንበሩ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ስለነበር የምትኖረው ከአማቷ ከአቶ ቢያድግልኝ ጋር ነው። መስከረም ላይ ሳል ጀመራት። ጥቅምት ሲጋመስ ሆዷ እየገፋ ጉንጯ ጎደለ፤ ላቡም ልብሷን ያርሰው ጀመር። አቶ ቢያድግልኝ ደግ ሰው ናቸውና በበቅሎ አስቀምጠው ጤና ጣቢያ አመጧት። ስህተቱ የመጣው እንግዲህ ከዚሁ ደግነታቸው ነው።

ትርንጎ ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ሰጥታ «ከሳንባሽ ሳል አድርገሽ አክታ አምጪ» አለቻት። ዘርፌ ወደ ጓሮ ሄደች። አማቷም ልጅቱ ደክማለች፣ ትወድቅብኛለች ብለው ተከተሏት። በዚያ አገር ምራት በአማቷ ፊት ቀና ብላ እንኳ አትጎርስም፤ እህህ ብላ አክታ መትፋትማ የማይታሰብ ነው። ዘርፌ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች፤ በነጠላዋ ተከለለችና ጥቂት ንጹህ ምራቅ ጠብ አደረገች። የዕቃዋን አፍ ሳይቀር ጠራርጋ፣ ለእንግዳ እንደሚቀርብ ብርጭቆ አሳምራ መለሰች። መሣሪያው የሰጡትን ነው የሚመረምረው። «የሳንባ ነቀርሳ የለም» አለ። እሷም የሳል ሽሮፕ ይዛ በበቅሎዋ ተመለሰች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ይቺ ምስኪን የደበቀችው በሽታዋን ሳይሆን አክታዋን ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ትርንጎ ልብስ እያጠበች ሳለ ያቺ የጠራች ዕቃ ትዝ አለቻት። እጇ አረፋው ውስጥ ቀረ። ምራቅ መሆኑን እያየች የተቀበለችው ራሷ ናት። ወረፋው በዝቶባት ነበር፤ ቢሆንም ወረፋ ለሞተ ሰው ምክንያት አይሆንም። ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም፤ ስህተቷ ከዘርፌ ጋር ይቀበር ነበር። እሷ ግን እሑድ ማለዳ ቅዳሴ ቀርታ፣ አዲስ ዕቃ በቦርሳዋ ይዛ በእግሯ ሄደች። ከቤቱ እንደደረሰች ወደ አቶ ቢያድግልኝ ዞራ፣

«አባቴ፣ እስቲ ከብቶቹን ይዩልኝ» አለች።

«ከብቶቹ ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆኑም። ይዩልኝ ብቻ።»

ሽማግሌው ግራ እየገባቸው ወጡ። ትርንጎ ዘርፌን ወደ ጓሮ ወሰደቻትና እንዴት እንደሚደረግ ልታሳያት ራሷ እህህ ብላ ከሆዷ ሳለች። ድምፁ ከመክበዱ የተነሳ የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ጮኸ። ዘርፌ ሳቀች። ሳቁ ሳል ጠራ፣ ሳሉም አክታ አመጣ። ሰኞ መሣሪያው ያየውን ተናገረ፦ የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ያውም ለተለመደው መድኃኒት የማይበገር ዓይነት።

ዘርፌ ወደ ዞኑ ሆስፒታል ተላከች። እዚያ የተቀበለቻት የሺመቤት ናት። ለእንዲህ ያለው በሽታ የድሮው ሕክምና ረጅም ነበር፤ መርፌውም የስንቱን ጆሮ አደንቁሯል። አዲሶቹ ክኒኖች በስድስት ወር ያልቃሉ። በሆስፒታሉም ስለ ክኒኖቹ ጥናት ይካሄድ ነበር፤ ማን ቶሎ እንደተገኘ፣ ምን እንደወሰደ፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ ይመዘገባል። ችግሩ ጥናቱ ነፍሰ ጡሮችን አለማካተቱ ነው። የሐኪሞቹ ኮሚቴ ተሰብስቦ «እስክትወልድ እንጠብቅ» አለ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ለፅንሱ ፈርተው ነው።

የሺመቤት ሦስት ቀን ሙሉ በሌላ አገር ስለታከሙ ነፍሰ ጡሮች የተጻፈውን ስታነብ ሰነበተች። ጥቂት ነበር፤ ቢሆንም ተስፋ ነበረበት። ከዚያ ዘርፌ አልጋ አጠገብ ተቀመጠች።

«የማውቀው ይህን ያህል ነው፤ የማላውቀው ከዚህ ይበልጣል። አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለቻት ሁሉን ነግራት ስታበቃ።

ዘርፌ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ «እኔ ከሞትኩ ይሄስ የት ይኖራል?» አለች።

የሺመቤት ይችን ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ ለኮሚቴው አደረሰች። «እንግዲያው ኃላፊነቱን የሚወስድ ይፈርም» ሲባል ብዕሩን ያነሳችው እሷ ብቻ ነበረች። ፅንሱ ቢወርድ ስሟም እንጀራዋም አብሮ ይወርድ ነበር። ክኒኑ በተጀመረ በአምስተኛው ሳምንት የዘርፌ ደም አነሰ። የሺመቤት አንዱን ክኒን ቀነሰችላት፤ ደሙ እስኪመለስ ድረስም ከአጠገቧ አልራቀችም። በሽታው ወደ ሰው መተላለፉ ሲያበቃ፣ የቀረውን ክኒን አስይዛ ወደ ቤቷ ሸኘቻት።

ክኒን ደግሞ ከረጢት ውስጥ ተቀምጦ ያዳነው ሰው የለም። ዘርፌን በየቀኑ ፊቷ ቆማ የምታስውጣት የዚያው ቀበሌ ሠራተኛ ማንጠግቦሽ ሆነች፤ በእሑድም በበዓልም።

«ዋጥሽ?»

«ዋጥኩ።»

«ምላስሽን አንሺ።»

አንድ ጠዋት ማንጠግቦሽ የዘርፌን ነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ አየችው። ስትፈታው ሁለት ክኒን ወደቀ። ዘርፌ አለቀሰች። «ያቅለሸልሸኛል እትዬ። ሁለት ቀን ባርፍ ብዬ ነው» አለች። ማንጠግቦሽ አልተቆጣችም። በማግስቱ ከክኒኑ በፊት የምትቀምሰው ቆሎ በመሐረብ ቋጥራ መጣች፤ ከዚያ በኋላ ነጠላዋ አልተቋጠረም።

የባሰው ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው። ዘርፌ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም ክኒንም አልቀምስም አለች። ነፍሰ ጡርና በሽተኛ አይጾምም ብለው የነፍስ አባቷ መከሯት፤ አልሰማችም። «ለዚህ ያደረሰኝን አምላክ ልለምንበት ነው» አለች። ማንጠግቦሽ ብታስገድዳት ክኒኑ ወደ ነጠላው ጫፍ እንደሚመለስ አወቀች። «እሺ፤ እንግዲያስ በዘጠኝ ሰዓት እመጣለሁ» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘርፌ እስክትወልድ ድረስ፣ አናት በሚበሳው የመጋቢት ፀሐይ፣ ራሷም ጾመኛ ሆና፣ ያንን አቧራ ደርሶ መልስ ተመላለሰች። አንድ ቀን መንገድ ላይ ራሷን አዙሯት ግንድ ተደግፋ ተቀመጠች፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ከዘርፌ ደጅ ነበረች።

መጋቢት ሲያልቅ ዘርፌ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ። ሕፃኗ ተመረመረች፤ ንጹህ። አያቷ አቶ ቢያድግልኝ እቅፍ አድርገው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና «ስሟ እፎይታ ነው» አሉ። መንበሩም ከመተማ ተመልሶ ነበርና ሰው ፊት አላለቅስም ብሎ ከጎተራው ጀርባ ሄዶ አለቀሰ። በግንቦት መጨረሻ የመጨረሻዋ ክኒን ተዋጠች። ትርንጎ የመጨረሻውን አክታ ስትጠይቃት ዘርፌ ብትል ብትሠራ ከምራቅ በቀር የሚወጣ ጠፋ። ይህን ጊዜ አፍራ አይደለም፤ ሌላ ስለሌላት ነው። የደረት ፎቶዋም ጥርት ብሎ ታየ። በሆስፒታሉ መዝገብም «ድናለች» ተብሎ ተጻፈ፤ እኔ በበኩሌ ከዚህ ያማረ ቃል በመዝገብ ላይ አይቼ አላውቅም።

በሰኔ የእፎይታ ሰማንያ ቀን ደረሰ። ሴት ልጅ ክርስትና ስትነሣ የምታነሣት አንዲት ሴት ናት። ዘርፌም «ከጫኔ ልጆች አንዷ ናት» ብላ ነበር፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን አልተናገረችም። በዋዜማው እህትማማቾቹ አባታቸው ቤት ተሰበሰቡ።

«ያልተገኘ በሽታ አይታከምም» አለች ትርንጎ። «እኔ ባልመለስ ኖሮ ነገ የምንሄደው ለተዝካር ነበር።»

«መጀመሪያ ያጣሻት አንቺው ነሽ» አለች የሺመቤት። «ከተገኘች በኋላስ ሁሉም ጠብቁ አለ። ስሜን ያስያዝኩት እኔ ነኝ።»

«ባይሳካ ስምሽን ነበር የምታጪው፤ እናትና ልጅ ግን ነፍሳቸውን» አለች ማንጠግቦሽ። «እናንተ አንዳንድ ቀን ደፈራችሁ። እኔ መቶ ሠላሳ ስምንት ቀን ሄድኩ።»

«መሄድማ እግር ያለው ሁሉ ይሄዳል» አሏት ሁለቱ ባንድ አፍ። ወዲያው ሁለቱም አፈሩ፤ ከእሷ በቀር ማንም እንዳልሄደ ያውቃሉና።

ከጋቢው ውስጥ የአባታቸው ድምፅ ተሰማ፤ «እኔን እንዳትጠይቁኝ፤ ተኝቻለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቄሱ «ክርስትና የምታነሣት ማናት? ትቅረብ» አሉ። ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉ። ዘርፌ ለመናገር ጉሮሮዋን ጠረገች፤ እህህህ ብላ፣ ጮክ አድርጋ፣ በቄሱ ፊት፣ በአማቷ ፊት፣ በምእመኑ ሁሉ ፊት። እህትማማቾቹ ክው አሉ። ትርንጎ አፍ አፏን አየች፤ የሺመቤት ደረቷን፤ ማንጠግቦሽ እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች።

«አይዟችሁ፣ ጉሮሮዬን ነው» አለች ዘርፌ፤ ሳቋም አመለጣት። ከሁሉ በላይ የሳቁት አቶ ቢያድግልኝ ነበሩ።

እንግዲህ ሰሚዎቼ፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብላችሁ ሦስቱም ይገባቸዋል እንዳትሉኝ። ከሦስቱ አንዷ ብትጎድል ዘርፌ እንደሌለች እኔም አላጣሁትም። ቄሱ ግን የሚጽፉት አንድ ስም ነው፤ ልጅቷም አንድ ናት፤ ስድስት እጅ ተዘርግቶላታል። አንዷ ያጣቻትን መልሳ ያገኘቻት ናት። አንዷ ሁሉ ሲፈራ የፈረመችላት ናት። አንዷ በጠራራ ፀሐይ ሳትታክት የተመላለሰችላት ናት። ዘርፌ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጨርሳለች፤ አሁን ስም ልትጠራ ነው። እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ፣ እፎይታን ለማን ታስታቅፏት ነበር?