የእታገኝ ፊት

በአንድ ወቅት፣ ሕዝቡ መጽሐፍ ሳይሆን ግድግዳ በሚያነብበት ዘመን፣ አለቃ አድማሱ የሚባሉ ሰዓሊ ነበሩ። የሰው መልክ ማውጣት ያውቁበታል። ቀለም ሲበጠብጡ ምሳቸውን ይረሳሉ፤ አንዲት ቅንድብ ካማረችላቸው ቀኑን ሙሉ ለብቻቸው ፈገግ ሲሉ ይውላሉ። ሚስታቸው እታገኝ ሦስተኛ ልጇን በወለደች ማግስት ስትሞትባቸው ሐዘናቸውን የተወጡት በብሩሽ ነው። በደብሩ ግድግዳ ላይ፣ ከስቅለቱ ሥር ከሚያለቅሱት ሴቶች ለአንዷ የእታገኝን ፊት ሰጧት። ከዚያ ወዲያ ስትናፍቃቸው ወደ ደብሩ ይሄዳሉ።

ደብሩን ያሠራው ፊታውራሪ ጓንጉል ነበር። ለእሱ «አንቱ» ማለት ይገባ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ምላሴ እምቢ አለኝ። እንደ ልማዱ የአሠሪው መልክ ከሥዕሉ ግርጌ፣ ተንበርክኮ ተስሏል። ታዲያ ሊሳለም የመጣው ሁሉ እሱን ትቶ እታገኝን ማየት ጀመረ። ጓንጉል ቀናባት፤ አለቃን አስጠርቶ ቢላ ሰጣቸው።

«ፋቃት» አላቸው።

«ጌታዬ፣ ሌላ ሰው ይፋቃት።»

«የሳላት ይፋቃት።»

ወታደሮች ቆመውባቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ፋቁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ፊት መሳልም ተዉ። የባሰው ግን ሌላ ነው፤ የእታገኝ መልክ ከልባቸውም ተፋቀ። ሊያስታውሷት ሲሞክሩ የሚመጣባቸው ቢላው ብቻ ሆነ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዓመታት አለፉ፤ የደብሩ ጣራ አፈሰሰ፣ ሥዕሉ ተበላሸ፣ ጓንጉልም አረጀ። መልኩ እንደገና እንዲሳልለት ፈለገ። በአገሩ ከአለቃ ቤት በቀር መልክ የሚያወጣ ስላልነበረ፣ ያደረገውን ዘንግቶ ወደዚያው ላከ። አለቃ ሦስቱን ወንዶች ልጆቻቸውን ጠሩ። ጥበቡን ለሦስቱም ያስተማሩት ራሳቸው ናቸው።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ» አሏቸው። «እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ቂም ይዤ ነው የጸለይኩት። ቂሜን ለተወጣልኝ ብሩሼን አወርሰዋለሁ።»

እታገኝን የሳሉበት ብሩሽ ነው፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ማንም አልነካውም።

መጀመሪያ የሄደው ታላቁ፣ መርሻ ነው። መርሻ ነገር ማዞር አያውቅም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሳላል፤ ኃጥእና ሰይጣን ግን ጎናቸውን ሰጥተው ባንድ ዓይን። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቃል። መርሻ መጋረጃ ጋርዶ ሠራ። በበዓሉ ቀን መጋረጃው ሲገለጥ ጓንጉል ካባውን ደርቦ፣ በጎኑ፣ ባንድ ዓይኑ ምእመናኑን ሲያይ ተገኘ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። ሥዕሉ በዚያው ዕለት ተፋቀ፣ መርሻም በሰንሰለት ታሰረ። አለቃ ለልጃቸው አለቀሱ፤ ለሥራው ግን ደስ አላቸው።

ሁለተኛው ካሴ ነው። ካሴ ድንጋይ ተሸክሞ ጓንጉል ደጅ ወደቀ። «ጌታዬ፣ ወንድሜ አብዷል። እኔ ላስተካክለው» አለ። ሁለት ዓይን ያለው፣ ግርማው የሚያስፈራ ፊት ሳለለትና ካባ ተሸለመ። የአገሩ ሰው «ወንድሙን የካደ» እያለ ጀርባውን ሰጠው፤ ካሴም ቻለው። ቀለሙን ሲበጠብጥ ግን ለፊቱ የሚሆነውን ማጣበቂያ አቅጥኖት ነበር። ክረምት ገብቶ ግድግዳው ሲረጥብ ካባው እንዳማረ ቀረ፣ እጆቹም እንዳሉ ቀሩ፣ ፊቱ ብቻ እየተቀረፈ ረገፈ። ጓንጉል ከሕያዋን መጽሐፍ የተፋቀ መሰለውና እህል አልዋጥ አለው፤ አልጋ ያዘ። ካሴ ያን ጊዜ አገር ለቆ ሄዷል።

የቀረው ትንሹ፣ ይርጋ ነው። እሱን ወታደር ነው ያመጣው።

«ብትቀልድብኝ የመርሻ አንገት ይቆረጣል» አለው ጓንጉል፣ አልጋው ላይ እንዳለ።

ይርጋ እናቱን አያውቃትም። ነገር ግን ያየው ሁሉ «ቁርጥ እናቱን» ሲለው ነው ያደገው። በሰፊ ገበቴ ውሃ ሞልቶ፣ ፊቱን እያየ፣ እታገኝን ከድሮ ቦታዋ ሳላት። ከሥሯ ጓንጉልን፣ ሁለት ዓይን ሰጥቶ፣ በጎልማሳነቱ መልክ ሳለው። ዓይኖቹን ወደ እሷ አቀናቸው፤ የእሷን እጅ ደግሞ አናቱ ላይ አሳረፈው።

ጓንጉል ሰው ደግፎት መጣ። ራሱን አይቶ ደስ አለው። ቀና ሲል እሷን አየና ቢላ አስመጣ። እጇን ልፋቅ ቢል የራሱን አናት መፋቁ ነው፤ ፊቷን ብቻ ልፋቅ ቢል ራስ የሌላት ሴት እጅ አናቱን እንደያዘ ሊቀር ነው። ብዙ ቆመና ቢላውን መለሰ። እስኪሞት ድረስ በየቀኑ እያስደገፈ መጥቶ ፊት ለፊቷ ይቀመጥ ነበር። ይጸጸት ይሁን ይፍራ፣ ለማንም አልተናገረም።

እሱ ሲሞት መርሻ ተፈታ፣ ካሴም ተመለሰ። ልጆቹ አባታቸውን ወደ ደብሩ ወሰዷቸው። አለቃ ቀና ብለው አዩ።

«እሷ ናት» አሉ። ብዙ አለቀሱ። ቀጥለው ዝቅ ብለው አዩ፤ ጠላታቸው አምሮበታል፣ የሚስታቸው እጅም እንደ ቡራኬ አናቱ ላይ አርፏል። ደማቸው ፈላ።

«ይርጋ፣ ጠላቴን አሳመርክልኝ?»

«አስቀያሚ አድርጌ ልስለው ሞክሬ ነበር፣ አባባ። አስቀያሚ መሳል ግን አላስተማሩኝም። ሁለት ዓይን የሰጠሁትም እንዲያያት ነው። ባንድ ዓይን ቢሆን ግማሿን ብቻ ነበር የሚያያት።»

መርሻ ሰንሰለት የላጠውን ቁርጭምጭሚቱን አሳየ። «በቁሙ፣ በሕዝብ ፊት ያዋረድኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ውርደቱን በዕለቱ አስፋቀው» አለ ካሴ። «አልጋ ላይ የጣለው የእኔ ቀለም ነው። እኔም ስሜን ከፍዬበታለሁ።»

አለቃ ብሩሹን ከጉያቸው አወጡ። መርሻን አዩ፣ ካሴን አዩ፣ ይርጋን አዩ፣ እታገኝንም አዩ። እጃቸውን ዘረጉ፤ ለማን እንደሚሰጡት ግን አላወቁም።

ሽማግሌው እጃቸው እንደተዘረጋ እንዳይደክማቸው፣ እናንተ ፍረዱ። ጠላትን ላዋረደው ነው፣ አልጋ ላይ ለጣለው ነው ወይስ የእናቱን ፊት መልሶ ጠላቱን ላሳመረው? ብሩሹ የሚገባው ለማን ነው?