ባሕር ያልተሻገረች

የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ ልዑልሰገድ ለንደን መማራቸውን ሳያወሩ የዋሉበት ቀን የለም። አንድ ቀን የሻይ አቅራቢዋ ሴትዮ ልጅ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ደርሷት ሳለ ፋይናንስ እዚሁ ለመማር መምረጧን ሰሙ። ሠራተኛው በተሰበሰበበት ሴትዮዋን አስቆሟት።

«ስሚ! ባሕር ያልተሻገረ ሰው ገንዘብ አያውቅም። እስኪ እዚሁ ተምሮ እኔ ብሬን አምኜ የምሰጠው አንድ ሰው ጥሪልኝ። ከጠራሽ ልጅሽን እቀጥራታለሁ፤ ካልጠራሽ ግን የባንኬን ደጃፍ አትረግጥም!»

ሠራተኛው ሁሉ አቀረቀረ። ሴትዮዋ ትሪዋን አስቀምጣ እጇን በሽርጧ ጠራረገች።

«የተማረ እንኳ አልጠራልዎትም፣ ጌታዬ» አለች። «ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ ባሕር ቀርቶ ዓባይን ያልተሻገረች አንዲት ሴት አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ብርዎን ያለ ደረሰኝ ያስረክቧታል።»

«እኔ? ለማን?» አሉ ፕሬዚዳንቱ ተቆጥተው።

«ለእኔ ነዋ! እርስዎም እጅዎን አውጥተው የመሥሪያ ቤታችን የዕቁብ ዳኛ አድርገው ሲመርጡኝ፣ ባሕር ተሻግረሻል ወይ አላሉኝም። ታዲያ ልጄ ስትመረቅ በየትኛው በር ትግባ?»