ባለብዙ ዶቃው ገመድ

አንድ ንጉሥ በከተማው መካከል ግድግዳ አሠራ። ርዝመቱን ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ከዚያኛው ጫፍ የተነሣች ጥጃ እዚህኛው ጫፍ ስትደርስ ላም ሆና ወልዳለች። "ባለሙያ ሁሉ ስሙንና ሥራውን እዚህ ይስቀል። ሙያውን የሚያውቅለት ደግሞ ከስሙ ሥር ዶቃ ያንጠልጥልለት" ሲል አዋጅ አስነገረ።

ሐሳቡ ደግ ነበር፤ መጀመሪያ ሰሞን ሥራ ፈላጊና አሠሪ ተገናኙበት። በኋላ ግን ልማድ መጣ። ዶቃ ለሰቀለልህ ዶቃ አለመስቀል ነውር ሆነ። ሸማኔው ለአንጥረኛው፣ አንጥረኛው ለሸማኔው፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያይ ይሰቅል ጀመር። ቢሻው የሚባለው ገመድ ገማጅማ ዶቃ ሲሰጥና ሲቀበል ስለሚውል ገመድ የሚገምድበት ጊዜ አጣ። ከዶቃው ክብደት የተነሣ ግድግዳው በእሱ በኩል ዘመመ!

አንድ ቀን ጉድጓድ ቆፋሪው ሳህሉ መሰላሉ ተሰብሮበት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ክንዱ ተሰበረ፤ ውኃው ፈልቆ ወገቡ ደረሰ። ሚስቱ ይርገዱ ወደ ግድግዳው ሮጣ ከባሏ ስም ሥር ቆመችና "ባሌ ጉድጓድ ገብቷል፣ ድረሱልኝ!" ብላ ጮኸች።

ጉድ ስሙ! የሚያልፈው ሁሉ ያለችውን ሳያዳምጥ ፈገግ እያለ ለሳህሉ ዶቃ ያንጠለጥል ጀመር።

"ለአዲሱ ቦታ እንኳን አበቃው!" አላት አንዱ።

"የትጋቱ ውጤት ነው፣ ይገባዋል" አለ ሌላው።

ይርገዱ ይብሱን ጮኸች።

ጩኸቷን የሰማው ንጉሥ ራሱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደረሰ። "ብዙ ዶቃ ያለው ገመድ ይምጣ!" አለ። የቢሻው ገመድ መጣ።

"ጃንሆይ፣ ባሌ በአንድ ክንድ ገመድ መያዝ አይችልም" አለች ይርገዱ። "ወርዶ የሚያስረው ሰው ይፈለጋል። ለዚህ ገመድ ዶቃ የሰቀለ ይውረድልኝ።"

ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

"አንተስ?" አለችው ሸማኔውን።

"እኔ? ኧረ እቴ፣ ገመዱን መች አየሁትና! ሰቀለልኝ፣ ሰቀልኩለት።"

"አንተስ ቢሻው፣ በገዛ ገመድህ?"

"እኔማ... ወገቤን ያመኛል።"

ሕዝቡም "ኋላ ውረዱ እንዳንባል" ብሎ ወደ ግድግዳው ሮጠና የሰቀለውን ይበጥስ ገባ። ዶቃው እንደ በረዶ ወረደ፤ አህያ እንኳ መንገዱ ላይ መቆም አቃታት። ከገመድ ገማጆቹ ስሞች ሥር አንዲት ዶቃ ብቻ ቀረች፤ ከጥጉ፣ ማንም ከማያውቀው ስም ሥር።

"ይህቺ የማን ናት?" አለ ንጉሡ።

"የኔ ናት" አሉ ውኃ ቀጂዋ እማማ ጠጅቱ። "በየማለዳው ውኃ የምቀዳው በዚህ ሰው ገመድ ነው። አምጡት፣ እኔ እወርዳለሁ።"

"በዚህ ዕድሜዎ?"

"ዕድሜዬን ይተዉትና ጫፉን ይያዙልኝ!"

ንጉሡ ያዘ። እማማ ጠጅቱ ወርደው ሳህሉን አስረው አብረውት እስኪወጡ፣ መዳፉ እስኪላጥ ያዘ። ሳህሉ ሲወጣ ውኃው አገጩ ደርሶ ነበር።

"ይህን ግድግዳ አፍርሱት!" አለ ንጉሡ በቁጣ።

"አይፍረስ ጃንሆይ" አለች ይርገዱ፣ ባሏን እንደ ደገፈች። "ያን አንድ ስም ያገኘነው እኮ እዚያው ላይ ነው።"

ዛሬ ያ ግድግዳ በየስልካችን ውስጥ ገብቷል። ስም ያሳየናል፣ ያገናኘናል፤ ይህ ጥቅሙ ነው። ሳናይ የምንሰጠው ምስክርነት ግን የሆነ ቀን የአንድ ሰው ነፍስ ይንጠለጠልበታል። ለመሆኑ፣ እርስዎ ዛሬ በጣትዎ ነካ አድርገው ካወደሷቸው መካከል፣ በየትኛው ሰው ገመድ ይወርዳሉ?