ለወደቀው የቆመችው ትርፌ

ድሮ ነው ልጆች፣ እኔም እናንተን ሳክል፣ ባቡሩ ከሰል እየበላ በሚሄድበት ዘመን። ጠጋ በሉና ስሙኝ። የሚስቅብኝ ካለ ከአሁኑ ይውጣ፤ ከጀመርኩ በኋላ ማቋረጥ አልወድም።

ጨው በር ከተማችን ሲኒማ ቤት ነበራት። ሲኒማ ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ምድር ባቡር የተወው መጋዘን ነው። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው ይንጣጣል፣ አግዳሚው ቂጥ ይቆነጥጣል፣ ሸራው ሁለት አንሶላ ተሰፍቶ ነው። ባለቤቱ ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ነበር። በየእሁዱ ከምሳ በኋላ የፈረስ ፊልም ያሳየናል። የፈረስ ፊልም የምንለው ጣልያኖች የሚሠሩትን፣ ባርኔጣና ሽጉጥ ያለበትን ነው። አገሩ አሜሪካ ነው ይባላል፤ ሰዎቹ ግን የሮምና የማድሪድ ሰዎች ናቸው፣ አቧራውም የእስፓኝ አቧራ ነው። እኛ ምን ቸገረን፤ አቧራ ያው አቧራ ነው።

ፊልሙ በጣልያንኛ ስለሚናገር አስተርጓሚ ነበረን፤ ስንሻው ይባላል። ስንሻው ሸራው አጠገብ በርጩማ ላይ ይቆምና ከቆርቆሮ የተሠራ ጡሩምባ አፉ ላይ አድርጎ የሁሉንም ድምፅ ብቻውን ይናገራል። አክተሩ፣ ማለት ዋናው ጀግና፣ ሲናገር ድምፁን ያወፍራል፤ ሴቲቱ ስትናገር ያቀጥናል። ጣልያንኛ የሚያውቀው ግማሹን ነው፤ የቀረውን ከሆዱ ያወጣዋል። ሰው ግን ይወደው ነበር። ገበያ ሲወጣ «ስንሻው፣ እስቲ እንደ ወንበዴው ሳቅልን!» ይሉታል፤ እሱም ይስቅላቸዋል። ሚስት አላገባ፣ ልጅ አልወለደ፤ ሀብቱ ይኸው ነበር። ሰው ዞሮ ሲያየውና ስሙን ሲጠራው ነው በሕይወት መኖሩ የሚታወቀው።

ትርፌ ደግሞ የሲኒማ ቤቱ ጠራጊ ነበረች። ሰው ከወጣ በኋላ የኦቾሎኒ ቅርፊት ትጠርጋለች። ፊልሙን መጥረጊያዋን ተደግፋ በሩ ጥግ ቆማ ታያለች። ተቀመጪ ያላት የለም፤ እሷም ልቀመጥ አላለችም።

አንድ እሁድ ፊልሙ ሲያልቅ ትርፌ ስንሻው ዘንድ መጣች።

«ጋሽ ስንሻው፣ ያ ከጣራ ላይ የወደቀው ሰውዬ ስሙ ማን ነው?»

«የቱ?»

«ያ አፍንጫ ሰባራው። ባለፈው እሁድ ከፈረስ ወድቆ ሞተ። ከዚያ በፊት ገደል ገብቶ ሞተ። ሁልጊዜ እሱን ነው የሚገድሉት።»

ስንሻው ደነገጠ። ስንት ዓመት ሸራው ሥር ሲቆም አንድም ቀን ልብ ብሎት አያውቅም። እሱ ያላየውን ይቺ ጠራጊ ማየቷ አናደደው። «ስም የለውም፤ ሂጂ ጥረጊ» አላት።

በሁለተኛው እሁድ መጣች፤ «ስም የለውም» አላት። በሦስተኛው እሁድ መጣች፤ «ስም የለውም» አላት። ያን ጊዜ ትርፌ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እንዴ! እናቱ ስም ሳታወጣለት ነው ያሳደገችው?» አለች። ሰው ሳቀ፤ ነገሩም በሰው ጆሮ ቀረ።

በሚቀጥለው እሁድ አፍንጫ ሰባራው ሸራው ላይ ብቅ ሲል አንዱ ከኋላ፣ «ትርፌ፣ ያንቺ ሰው መጣልሽ!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሙሉ ወደ በሩ ዞረ። ስንሻው አክተሩን እያስገመገመ ነበር፤ የሚሰማው አጣ። አንድም ፊት ወደ እሱ አልነበረም። ያን ቀን ቅናት ገባበት። ልጆች፣ እኔ ወባም ይዞኝ ያውቃል፣ ቅናትም ይዞኝ ያውቃል፤ ወባው ይሻላል።

ለሙሴ ያኒ ከፊልሙ ሳጥን ጋር የጣልያን መጽሔት ይመጣለት ነበር። አንድ ሰሞን መጽሔቱን ገልጦ ለስንሻው አሳየው። የአፍንጫ ሰባራው ፎቶ ነው። ኡጎ ባላርዲ ይባላል። በአክተሩ ምትክ የሚወድቀው፣ በወንበዴ ልብስ የሚሞተው እሱ ነበር። እስፓኝ ውስጥ ፊልም ሲሠሩ ፈረሱ ላዩ ላይ ወደቀበትና እሱ ሳይነሣ ቀረ። «ለትርፌ ንገራት» አለ ሙሴ ያኒ። ስንሻው ሊደብቃት ፈልጎ ነበር፤ ሙሴ ያኒ ቆሞ ያየዋል፣ ምን ያድርግ? ወለል ስትጠርግ ደረሰባትና «ያ ሰውሽ ሞተ፤ ስሙ ኡጎ ነው» አላት፤ ዝናብ ጣለ እንደሚል ሰው።

ትርፌ መጥረጊያዋን አስቀመጠች። «ጋሽ ስንሻው፣ መርዶ እንዲህ ይነገራል?» አለችው።

እሁድ ሰው ሲሰበሰብ ትርፌ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ሸራው ፊት ቆመች። «ስሙ ኡጎ ነው። እኛ ደስ እንዲለን ስንት ጊዜ ወደቀልን። አሁን የምሩን ወድቆ ሞተ። አልቃሽ እንደሌለው ሰው አይቅር» አለች። መጀመሪያ የሐዲድ ጠጋኙ ሚስት ማልቀስ ጀመረች። ባሏ በባቡር አደጋ ነው የሞተባት። ቀጥሎ ሌላዋ አነባች። ልቅሶ አንዴ ከተነሣ ደግሞ ሁሉም የየራሱን ሟች ያስታውሳል። ያ መጋዘን በልቅሶ ተናወጠ። ስንሻው ጡሩምባውን ይዞ በርጩማው ላይ ተገትሯል፤ የሚያየው የለም። እንባ አልመጣለትም። ይልቅ በሆዱ፣ «እኔ ብሞት ለእኔ እንዲህ ያለቅሳሉ?» ይላል። እርር ድብን አለ።

ሰባት እሁድ አለፈ። በስምንተኛው አዲስ ፊልም መጣ፤ ሸራው ሲበራ ኡጎ ፈረስ ላይ ተቀምጦ እየሳቀ ይጋልባል! ቤቱ ተገለበጠ። «ትርፌ! ሰውሽ ተነሣልሽ!» አለ አንዱ። «እንባችንን መልሺ፣ አንቺ ቀጣፊ!» አለች ሌላዋ።

ስንሻው እውነቱን ያውቃል። ፊልሙ የቆየ ነው፤ ኡጎ ሳይሞት የተሠራ ነው። አንድ ቃል ቢናገር ነገሩ ያበቃል፤ ጡሩምባውም እጁ ላይ ነው። ምን አደረገ መሰላችሁ? የኡጎን ድምፅ አወፈረና፣ «ማነው ሞተ ብሎ ያስለቀሰብኝ? ያቺ ጠራጊ ናት እንዴ?» አለ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እንዴት ደስ አለው! የሰዉ ፊት ሁሉ ወደ እሱ ተመልሷል።

ትርፌ በሰዉ መሃል እየሰነጠቀች ወደ ፊት መጣች። «የሟች ፎቶ ግድግዳችሁ ላይ የለም?» አለች። «የአባትህ ፎቶ ቤትህ ተሰቅሎ የለም አንተ? ይኸውላችሁ፣ ይሄም ፎቶው ነው፤ የሚጋልብ ፎቶ።»

እሷ ይህን ስትል ሸራው ላይ ኡጎ ገደሉ አፋፍ ደርሶ ነበር። ተኩስ ጮኸ። «ሲወድቅ ቁሙለት» አለች ትርፌ። ኡጎ ወደቀ። አንድ ሰው ተነሣ፣ ሁለት ሰው ተነሣ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ተነሣ። ስንሻውም ቆሟል፤ ግን ድሮም በርጩማው ላይ ቆሞ ስለነበር መቆሙን ያወቀለት ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ መጽሔት በመጣ ቁጥር ሰዉ «ማን ሞተ?» ይል ጀመር። ሴቬሪኖ ታልቲ የሚባል ዳይሬክተር ሞተ። ራሞን የሚባል ፈረስ ገሪ ሞተ። በፊልሙ ሙዚቃ ውስጥ ያፏጭ የነበረው ሰው ሞተ። ስንሻው ያነባል፣ ትርፌ ስሙን በሰው ፊት ትጠራለች፣ ክርስቲያኑ «ነፍስ ይማር» ይላል፣ እስላሙ «አላህ ይማረው» ይላል። ያነበበው እሱ፣ የተመሰገነችው እሷ! ገበያ ላይ «እንደ ወንበዴው ሳቅልን» የሚለው ጠፋ። ሰው ሲያገኘው «ትርፌ ደህና ናት?» ነው የሚለው። ምግብ አልበላ አለው። ውሃ ሲጠጣ እንኳ እሷ ትዝ ትለዋለች።

በመጨረሻ ክፉ ነገር አሰበ። ቤፔ ኮርሲኒ የሚባል ነጭ ጺም ያለው ሽማግሌ ነበር፤ በየፊልሙ በቅሎ ላይ ተቀምጦ ሰውን ያስቃል፣ ከተማችን ከአክተሩ አስበልጣ የምትወደው እሱን ነበር። ስንሻው አዲሱን መጽሔት ሙሴ ያኒ ሳያየው ወስዶ፣ ቤፔ ሞቷል ብሎ ሊዋሽ ቆረጠ። ትርፌ ትልቅ ልቅሶ ትቀመጣለች፤ ሰው ሁሉ ሲሰበሰብ መጽሔቱን ያወጣና ቤፔ የልጅ ልጁን ሲድር የተነሣውን ፎቶ ያሳያል። ከዚያ ወዲያ ማን ያምናታል? ስሟ ይጠፋል፣ የእሱ ይመለሳል።

እንዳትጠረጥር መርዶውን በወጉ አደረገው። ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ በማለዳ በሯን አንኳኳ። ትርፌ ሰምታ ደረቷን መታች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ «አሁን ነው ሰው የሆኑት፣ ጋሽ ስንሻው» አለችው። ይቺ ነገር ትንሽ ወጋችው፤ ቢሆንም ወደ ኋላ አላለም።

እሁድ አግዳሚው ሁሉ ወደ ጥግ ተገፍቶ ምንጣፍ ተነጠፈ። ትርፌ ሁለት ቀን ሙሉ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ ስትቀቅል ሰንብታለች። ስንሻው መጽሔቱን ኮቱ ውስጥ ደብቆ መጣ። ገና ከበሩ ሲገባ ትርፌ ክንዱን ይዛ ወደ ፊት ወሰደችውና ምንጣፉ ራስ ላይ አስቀመጠችው።

«ምነው?» አለ።

«ዋናው ሐዘንተኛ እርስዎ ነዎታ!» አለችው። «ቤፔን እኛ የት እናውቀዋለን? የሚያወራን በእርስዎ አፍ ነው። በእሱ የሳቅነው ሳቅ ሁሉ የእርስዎ ነው።»

ሰዉ ተሰለፈ። የባቡር ጣቢያው ሹም ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጥናህ፣ ስንሻው» አለው። ኦቾሎኒ ሻጯ ሐዋ «አላህ ያጽናህ፣ ወንድሜ» አለችው። የጣቢያው ዕቃ ተሸካሚ አለው፣ ትርፌን ቀጣፊ ያለቻት ሴትዮም አለችው። አንዱ ሳይቀር ፊቱን እያየ፣ ስሙን እየጠራ አለፈ። ዕድሜውን ሙሉ የፈለገው ይኸው መጣለት። ዝም ካለ የሱ ነው። ሊያዋርዳት የመጣው ሰውዬ ሐሳቡን ለወጠ፤ ዝም ልበል አለ በልቡ፤ መጽሔቱን አቃጥለዋለሁ፣ ቤፔም እዚያው ሞቶ ይቅር።

ከዚያ ሽማግሌው ተሸካሚ፣ «ስንሻው፣ እባክህ ለመሰናበቻ በቤፔ ድምፅ አንዴ አናግረን» አለው። ስንሻው አፉን ከፈተ። የቤፔ ድምፅ አልመጣ አለ። ጉሮሮውን ጠራረገ፤ አልመጣም። የመጣው የራሱ ድምፅ ነበር።

«አልሞተም!» አለ። «ቤፔ አልሞተም! ዋሽቼ ነው። እሷን ላዋርድ ብዬ ነው። ቀንቼባት ነው፣ ሰዎች፤ ቅናት አቃጥሎኝ ነው!» መጽሔቱን አውጥቶ ምንጣፉ ላይ ጣለው።

ተሸካሚዎቹ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። እውነቴን ነው፣ አጥንቱን ይሰባብሩት ነበር። ትርፌ ግን መጽሔቱን አንሥታ፣ ያን ነጭ ጺም አይታ፣ «እልልልልል!» አለች። «ሰው ተረፈልን! ሞተ የተባለ ሰው ቢተርፍ ይደበደባል እንዴ? ንፍሮው የደስታ ይሁን፣ ብሉ!» ሴቶቹ እልልታውን ተቀበሏት፤ ዱላው ወረደ። ስንሻው አንድም ዱላ ሳያርፍበት ተረፈ፤ በእሷ እልልታ መትረፉም ደግሞ አንገበገበው። ቅናት እንዲህ ነው፤ ሲያድኗችሁም ያማችኋል።

ሽማግሌዎች ተቀምጠው ፈረዱበት። የሐሰት መርዶ ያመጣ አፍ ከእንግዲህ የእውነተኞቹን ሟቾች ስም ይጥራ አሉ። በየእሁዱ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት፣ የሞቱትን የፈረስ ፊልም ሰዎች ከዳይሬክተሩ እስከ ፈረስ ገሪው፣ አንድ ሳያስቀር፣ አንድ ሳይጨምር እንዲያነብ። አነበበ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ አነበበ። ቤፔም በጊዜው በእውነት ሞተና ተጠራ።

አንድ ክረምት ትርፌ በንዳድ ሞተች። ቀብሯ ላይ ያልወጣ ሰው አልነበረም፤ ባቡሩ ራሱ ቆሞ ፊሽካውን አስጮኸ። ስንሻው ሬሳዋን ከተሸከሙት አንዱ ነበር፤ ከኋላው ያለውን ሰው ብዛት ዞር ብሎ አየና፣ እዚያው ቃሬዛው ሥር፣ እንደገና ቀናባት። እሁድ ስሞቹ የተጻፉበትን ደብተር ይዞ አነበበ፤ ጨረሰና ዘጋ። ፊልሙ ይጀመር ያለ የለም። ሰው ዝም ብሎ ያየዋል። ምን እንደሚጠብቁ ያውቃል። ጭራሽ ላለመጥራት ከራሱ ጋር ታገለ። በመጨረሻ ደብተሩን ሳይከፍት «ትርፌ» አለ፤ ቤቱም በአንድ ጊዜ ብድግ አለ።

ስንሻው አርጅቶ ሊሞት ሲል ሽማግሌዎቹን አስጠራ። «የእኔንም ስም ጻፉልኝ» አላቸው። «ከሷ ግን አስቀድሙኝ። እሷ ተጠርታ እኔ ከኋላ አልሆንም፤ ማሉልኝ!» ማሉለት።

መጋዘኑ ፈርሷል፤ ዛሬ የጨው በር ሰው ቴሌቪዥን ቤት ነው የሚሰበሰበው። የፈረስ ፊልም ሲከፈት ግን አንዱ ተነሥቶ ስሞቹን ይጠራል፤ ኡጎ ይላል፣ ሴቬሪኖ ይላል፣ ራሞን ይላል፣ ቤፔ ይላል። ቀጥሎ ስንሻው ይላል፤ ሰዉ ተቀምጦ ኦቾሎኒውን እየፈለፈለ ነፍስ ይማር ይላል። በመጨረሻ ትርፌ ሲባል ሽማግሌው ምርኩዙን ይዞ፣ እናት ልጇን ይዛ፣ ሁሉም ይቆማል። እኛ መሐላችንን አላፈረስንም፤ እስከ ዛሬ ድረስ ስንሻውን ከሷ በፊት ነው የምንጠራው።